የሁለት ዴስክ ምድር

ከምሳ በኋላ ነው፥ አምስተኛ ክፍለ ጊዜ፣
ግማሹ እንቅልፍ ላይ፥ ግማሹ ትካዜ።
ካርታው ተቀዷል፥ ሉሉም የለም፣
የቀረኝ ጠመኔ፥ እሱም ነጭ ቀለም።

ሁለት ዴስክ ጎተትኩ፥ ጎን ለጎን ገጠምኩ፣
በላያቸው ጎንደርን በጠመኔ ሳልኩ፤
እዚህ ጋ ቀሃ ወንዝ፥ እዚህ ጋ ቸቸላ፣
ፒያሳ መሃል ላይ፥ አዘዞ በኋላ።
አንድ ቀጭን መንገድ አሻግሬ አሰመርኩ፣
«ይቺን መጋጠሚያ አስተውሏት» አልኩ።
«ስንጥቅ ናት ስሟ፥ ፋልት ይሏታል፣
ሳር ይበቅልባታል፥ ሰው ይተኛባታል፣
ከስር ግን ዓለትና ዓለት ትከሻ ለትከሻ ይገፋፋባታል።»

ትናንት ከቀሃ ዳር ጭቃ አምጡ ብያቸው፣
ቤት ሠርተው መጥተዋል፥ ሁሉም በየአቅማቸው፤
ሞላልኝ ባለ ፎቅ፥ ጭቃ በጭቃ ላይ ከምሮ፣
አንጓች አንዲት ጎጆ፥ ማገሯ ቀጭን ጭራሮ፣
ባዘዘው የግንበኛው ልጅ፥ ጠጠር በጠጠር ደርድሮ።

«አራት ልጅ ወዲህ፥ አራት ልጅ ወዲያ፣ ግፉ!»
ገፉ።
ምንም የለም።
የዴስኩ ጠርዝ ሻካራ ነው፥ አንዱ አንዱን ነክሶ ያዘ፤
እንደገና ገፉ። የልጆቹ ክንድ ደነዘዘ።
ጎንደር ዝም።
አንድ የጭቃ ጣሪያ አልተነቃነቀም።

«ቲቸር፥ አልሠራም!» አሉኝ።
«እየሠራ ነው» አልኩ፥ «ዝም ያለ መስሏችሁ ነው፤
ዝምታው እኮ ቁጠባው ነው።
ግፊት ሲጠራቀም ድምፅ የለውም፣
ዓለት እንደ ሰው አያቃስትም፤
መቶ ዓመት ይችላል፥ ሁለት መቶ ይችላል፣
አንድ ቀን ግን…»

ሳልጨርስ፥ ሸርተት!
ዴስኩ አመለጠ፥ አንድ ስንዝር ብቻ።
ያሰመርኩት መንገድ መሃሉ ተቆርጦ፣
ግማሹ ወዲህ ቀረ፥ ግማሹ ወዲያ አፈንግጦ፤
የሞላልኝ ፎቅ በአናቱ ወረደ፣
የባዘዘው ጠጠር ወንበር ስር ሄደ፣
የአንጓች ጎጆ ግን ተንገዳገደ፣
አንድ ጎኑ ተሰነጠቀ፥
አንገቱን ደፋ፥
ቆመ።

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።
«እስቲ እዩ» አልኩ፥ «ቤቱን የጣለው ንዝረቱ ነው፣
ሰውን የሚገድለው ደግሞ ቤቱ ነው፤
ማገር ያልጨበጠው፥ ማዕዘኑ ያልተያያዘ፣
ጣሪያው ከብዶ እግሩ የተበረዘ፤
ከዚያ የፈነዳ ቱቦ፥ የተበጠሰ ሽቦ፣
ከዚያ ሕዝቡ ባንድ በር፥ እንደ ጎርፍ ተሰብስቦ።»

«አያቴ ግን ቁጣ ነው ይላሉ» አለች አንጓች።
«እኔ የማውቃት ምድር ተቆጥታ አታውቅም፤
ስሟን ጠርታችሁ ብትሰድቧትም አትሰማም።»

ባዘዘው ብቻ አልሳቀም።
ጠጠሩን አንድ በአንድ ለቅሞ ኪሱ ከተተ፣
በመስኮቱ አሻግሮ የግንቡን ግድግዳ፣
ከአናት እስከ መሠረት የወረደውን መስመር ተመለከተ።
«አባቴ የሚሠራው ቤት በድንጋይና በጭቃ ነው» አለ።
«ማዕዘኑ ላይ እንጨት ያስገባ በለው» አልኩት።
«እንጨት ስንት እንደገባ ያውቃሉ፥ ቲቸር?»
ደወሉ ተደወለ።
ደወል አንዳንዴ መምህርን ያድናል።

ማታ ደብተር ሳርም የእሱ ደረሰ፤
ጽሕፈቱ ደቃቃ፥ ወረቀቱ የራሰ።
ጥያቄ አንድ፦ የመሬት መንቀጥቀጥ በምን ይመጣል?
መልስ፦ «ግፍ ሲጠራቀም ዓለት ይለቃል።»

ግፊት ሊል ነው። ቸኩሎ ይሆናል።
ፊ ቅጥያዋን አጥታለች፣
ት ከነጭራሹ ወድቃለች፤
በአንድ ቃል ውስጥ እንኳ ጉዳት እንዲህ ይቆጠራል።
ቀዩን እስክሪብቶ አነሳሁ፥
አስቀመጥኩ፥
አነሳሁ።
አላረምኩትም። ልክ ነውም አላልኩትም።
ከስሩ ብቻ፥ እንዳጠፋ ልጅ፣
«ነገ ወላጅ ይዘህ ና» ብዬ ጻፍኩለት።

ዴስኮቹን
ወደ ቦታቸው አልመለስኳቸውም ነበር።